ጧት ጧት የምትመጣው ልብ

ስልክ ላይ ከረሜላ የማፈንዳቱን ጨዋታ ያስተማረችኝ የልጄ ልጅ ናት፤ ወታደር ሆና ሳትገባ በፊት። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ሰው ከሆንሁ በኋላ ነው፤ ዕብራይስጡንም በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም። ይኼ ጨዋታ ግን ንባብ አይጠይቅም። ባለ ቀለም ከረሜላ ሰሌዳውን ሞልቶታል። አንዱን ከጎረቤቱ ጋር ታቀያይርና አንድ ቀለም ያላቸው ሦስቱ ሲገጥሙ ይፈነዳሉ፤ ከላይ ያሉት ወርደው ቦታውን ይሞላሉ። አራት ሲገጥም መስመሩን ሙሉ የሚጠርግ ይወጣል፤ አምስት ከገጠመማ ምኑን ልንገራችሁ።

«ሳባ፣ አንተ እኮ እንደ ገበጣ ነው የምታስበው» ትለኛለች። ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። አንቱታውን አታውቅበትም፤ እኔም ቅር አይለኝ። «ቶሎ በል እንጂ!»

«ምነው፣ ከረሜላው ይሮጣል እንዴ?»

አባቷም ጎረምሳ ሳለ እንዲህ ያለውን በኮምፒውተር ይጫወት ነበር። ያኔ የሚገጣጠመው ከረሜላ ሳይሆን የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው። ዓይንህን ታጠፋለህ እያልሁ እቆጣው ነበር። ኋላ ጨዋታው ከጠረጴዛ ወርዶ ስልክ ውስጥ ገባ፤ ድንጋዩም ከረሜላ ሆነ፤ አውቶቡስ ላይ ትልቁም ትንሹም አንገቱን ደፍቶ ያፈነዳ ጀመር። በመጨረሻ እኔንም ያዘኝ።

ስትሸነፍ አንዲት ቀይ ልብ ትወሰድብሃለች። ልቦቹ ካለቁ ወይ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው፤ ወይ ወዳጅ ይልክልሃል። ልጅቱ ወደ ባሲስ፣ ወደ ጦር ሰፈሩ ማለቴ ነው፣ ስትሄድ እንዲህ አለችኝ፤ «ደውዬ ለማውራት ጊዜ አላገኝ ይሆናል። ልብ ግን እልክልሃለሁ። አንተም መልስልኝ።»

እናም ጧት ፊቴን ታጥቤ፣ ጸሎቴን አድርሼ ስልኩን እከፍታለሁ። ልቧ መጥታለች። ደኅና ናት ማለት ነው። እሷኑ ነክቼ የኔን እመልስና ቀኔን እጀምራለሁ። ሰንበት ስልክ ስለማልነካ ቅዳሜ ይከብደኛል፤ ሰንበት ማለቁን የሚያሳየው ሦስት ኮከብ እስኪወጣ መስኮት ላይ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ጨዋታውን ስከፍት በዕብራይስጥ የተጻፈ ነገር ፊቴ ተደቀነ። ከሥሩ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ። አረንጓዴ ምን ክፋት አለው ብዬ ነካሁት። ጽሑፉ ጠፋ፣ ከረሜላው ተመለሰ፤ እኔም ረሳሁት።

በማግሥቱ ልቧ አልመጣችም። ደክሟት ይሆናል አልሁ። በሚቀጥለውም ቀን የለችም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ዜናው ደግ አልነበረም። ለልጄ ልደውል ብዬ ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሰሙት ይደብቁሃል፤ ሽማግሌ ይሰበስባሉ፤ ከዚያ መጥተው በርህን ያንኳኳሉ። ድምፁ ተለውጦ ብሰማውስ? ሲደወልም አላነሣ አልሁ። ከላከቻቸው አንዲት ልብ ቀርታኝ ነበርና እሷን እንዳላጠፋ መጫወቱንም ተውሁት።

ሃነቪኢም በሚባለው ጎዳና ላይ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ስልኩን ቤት ትቼ ሄድሁ። ከሐኪሙ ስወጣ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፍሁ። በግንቡ ጥላ ቀስ እያልሁ ስሄድ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የግዕዝ ዜማ ተሰማኝ። እኛ አይሁድ ነን፣ ሃይማኖታችን ሌላ ነው፤ ግዕዙ ግን የኛም ቄሶች የሚጸልዩበት ነውና ቆምሁ። ከበሩ የወጡ አንድ መነኩሴ አዩኝ።

«አባቴ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ልጅ ጦር ሰፈር አለችኝ» አልኋቸው። አለችኝ ማለቱን ራሱ ፈራሁት።

ገብተው ውሃ አመጡልኝ።

ሰፈሬ ቃታሞኒም ደርሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ልጄን የሕንፃችን መግቢያ ላይ ቆሞ አየሁት፤ በሥራ ሰዓት። ከጎኑ አንድ የሰፈር ሽማግሌ፣ ከሽማግሌው ቀጥላ የምድር ቤቷ ጎረቤቴ። እሷ በብብቷ ነጠላ ይዛለች፤ ለኀዘን አዘቅዝቀው የሚለብሱትን። የአጥሩን ብረት ያዝሁ።

«አትንገሩኝ» አልሁ።

ልጄ ሮጦ አቀፈኝ፤ ያለቅሳል። «አባ! አሉልኝ እንዴ!»

«እሷስ?»

«ማን?»

«ልጅህ ናታ!»

«የላከችን እሷ አይደለች! ሳባ ልብ መላክ ተወ፣ አንድ ነገር ሆኗል ብላ ከባሲስ ደወለች። ስልክ ብንደውል አያነሡ፣ በር ብናንኳኳ ዝም። ብቻዬን ሰብሬ መግባት ፈርቼ እነዚህን ጠራሁ።»

ቤት ገብተን ስልኩን አየው። ያ አረንጓዴ ነገር ከሷ ለይቶኝ ኖሯል፤ የሷ ልብ ወደኔ አይመጣ፣ የኔም ወደሷ አይሄድ። መልሶ ሲያገናኘው የላከቻቸው ሁሉ ተከታትለው መጡ። ደወለላትና ስልኩን ሰጠኝ።

«ሳባ፣ ገደልኸኝ እኮ!»

«አንቺስ እኔን?» አልሁ።

ጎረቤቴ በር ሥር ቆማለች። «አንቺ፣ ያ ነጠላ የምንድን ነው?» አልኋት።

«ለብርድ ነው።»

«በዚህ ሐሩር?»

አንገቷን ደፍታ ዘረጋችውና በደጉ በኩል ደረበችው።

ዛሬም ጧት ስልኩን ስከፍት መጀመሪያ ልቧን እፈልጋለሁ። ልጅቱ አገልግሎቷን አልጨረሰችም። ጽሑፍ ሲመጣብኝ ቀዩንም አረንጓዴውንም ሳልነካ ይዤው ወደ ጎረቤቴ እወርዳለሁ። እሷም ማንበብ አትችል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን፣ ልጄ ከሥራ እስኪመጣ ሁለታችን ቁጭ ብለን እናየዋለን።