የቡላ ግራ ጆሮ

ላባ የሚለውን ስም ያወጣላት አሠልጣኟ፣ ባለቤቴ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ወደ ፈረስ ማሠልጠኛው በመጣችበት የመጀመሪያ ቀን፣ ብብቷን ይዞ ወደ ፈረሱ ጀርባ ሲያነሣት ክብደቷ አልተሰማውምና ግራ ገባው። «እኔ ልጅ ነው ያነሣሁት ወይስ ላባ?» አለ። ስሙ በዚያው ቀረላት። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ በቀር በእውነተኛ ስሟ የጠራት ሰው አላስታውስም።

ለማያውቅ ሰው ሥራቸውን ልንገር። ፈረስ ላይ የሚሠራ ጅምናስቲክ ነው። ጣሪያው ከፍ ባለ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ፈረሱ አሸዋ ላይ እየዞረ ይጋልባል፤ አሠልጣኙ መሐል ላይ ሆኖ በረጅም ገመድ ይይዘዋል። ፈረሱ ኮርቻ የለውም። ደረቱን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ ሁለት እጀታ ያለው የቆዳ መታጠቂያ ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ ከጎኑ እየሮጡ መጥተው እጀታውን ይጨብጡና ሽቅብ ይዘላሉ። ይንበረከካሉ፣ ይቆማሉ፣ እጃቸውን ይለቃሉ። ሦስት ሆነው ሲወጡ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይሸከማል፤ ከሁሉም በላይ የምትወጣው የቀለለችው ናት። ይህ ቦታ አምስት ዓመት ሙሉ የላባ ነበር።

ከሥር ቆሞ በትከሻው የሚሸከማት መሰላል ነው፤ ስሙን ያመጣለት ቁመቱ ነው። ከፊት ተንበርክካ የመሰላልን እግሮች የምትደግፈው ራዲዮ ናት፤ የእሷን ስም ማስረዳት አያስፈልግም፣ አምስት ደቂቃ አብሯት የተቀመጠ ሁሉ ይገባዋል። ፈረሱ በመልኩ ቡላ ተባለ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ጀርባው እንደ ሶፋ የሰፋ፣ ትዕግሥተኛ ፈረስ ነው።

የእኔ ድርሻ ልብስ ነበር። የልጆቹን የስፖርት ልብስ እሰፋለሁ፣ የተቀደደውን እጠግናለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ መርፌና ክር ይዤ አዳራሹ ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በላይኛው መስኮት ትገባለች፤ አቧራው ብርሃኑ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። ቡላ ወደዚያ ብርሃን ይገባል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። ኮቴው አሸዋው ላይ ጮኾ አይሰማም፤ ሰው ሌላ ክፍል ውስጥ ትራስ እየመታ የሚያስተካክል ይመስላል። ሦስት ምት፣ ትንሽ ዝምታ፣ ሦስት ምት። በዚያች ዝምታ ውስጥ አራቱም እግሮቹ ከመሬት ይነሣሉ። ላባ እጆቿን ስትዘረጋ መርፌዬ ሳላውቀው ይቆማል። አንድ ቀን «ከላይ ሲሆኑ እንዴት ነው?» አልኳት።

«እትዬ፣ ቡላ የሚሄድ አይመስለኝም» አለች። «እኛ ቆመናል፣ የሚዞረው አዳራሹ ነው። ጋሼም ከታች አብረው ይዞራሉ፣ ትንሽዬ ሆነው።»

ቤቷ ከአባቷ ጎማ መጠገኛ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። እናቷ ሆቴል ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ላባ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተደራረቡ አሮጌ ጎማዎች ላይ ወጥታ በአንድ እግሯ ትቆማለች። ደንበኛ ጎማ ሲመርጥ አባቷ «እሱን አይንኩት፣ ልጅ አለበት» ይላል። እንቅልፏ ውስጥም ሳትጋልብ አታድርም መሰለኝ፤ እናቷ ጠዋት ጠዋት አንሶላውን አልጋው ግርጌ ተጠቅልሎ ታገኘዋለች።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት፣ ሐሙስ ቀን፣ ልቡ ቆሞ አረፈ። ሰዎች መጡ፣ ሰዎች ሄዱ። ጫማው ውስጥ የቀረውን የአዳራሹን አሸዋ እኔ አራገፍኩት።

ከአንድ ወር በኋላ አዲስ አሠልጣኝ ተቀጠረ። ወጣት፣ ቀጥ ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ጨዋ ሰው ነው። ልጆቹም ሊወዱት ልባቸው ተዘጋጅቶ ነበር። እምቢ ያለው ቡላ ነው።

እምቢታውም የእልኸኛ ፈረስ አልነበረም። ደህና አድርጎ መጋለብ ይጀምራል። ትልቁ በር ጋ ሲደርስ ግን፣ ሰው አንድ ነገር ረስቶ የወጣ ሲመስለው እንደሚያደርገው፣ ያመነታና ግልቢያውን ትቶ ወደ ሶምሶማ ይወርዳል። በሶምሶማ ሲሄድ ደግሞ ጀርባው ይነጥራል፤ የቆመ ሰው አይቆምበትም። በመጀመሪያው ሳምንት ላባ ሦስት ጊዜ ወደቀች። በሦስተኛው ትከሻዋ አበጠ።

በሩን ዘጉት። ከበሩ በላይ ያለውን መስኮት በአንሶላ ሸፈኑት፤ ለውጥ ሲያጡ መልሰው አነሡት። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ አራቱንም እግሮቹን እያነሣ ኮቴውን መታ መታ አደረገና «ከእኔ ይሻላል» ብሎ ሄደ። የላባ አባት እንኳ አንድ ቀን ሊያየው መጥቶ ነበር። «ጎማ ቢሆን ለጥፌ እሰጣችሁ ነበር» አለና የቡላን አንገት ዳብሶ ተመለሰ።

በመጨረሻ የማሠልጠኛው ኃላፊ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዞር ዞር ብለው አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ተመልሼ አያለሁ» አሉ። «ልጆቹን ተሸክሞ አምስት ዙር ሳያቋርጥ ከጋለበ ይቆይ። ካልሆነ አሸዋ ለሚያመላልሰው ባለጋሪ እንሰጠዋለን። ለእናንተ ወጣት ፈረስ ከሌላ ክለብ አስመጣለሁ።»

ወጣት ፈረስ የሚለውን ሲሰሙ ልጆቹ መሬት መሬቱን አዩ። ደስ የሚል ወሬ ነበርና አፈሩ።

ልምምድ ሲያበቃ ቡላ ላቡ እስኪደርቅ በእርምጃ ይዞራል። ያን ዕለት መሰላል ከፊት ይመራዋል፤ ላባ እንደ ልማዷ ጀርባው ላይ በሆዷ ተኝታለች፣ ጉንጯ ጋማው ላይ። ትንፋሹ ከሥሯ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። በዚያ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆና ጆሮዎቹን ታይ ነበር። ቀኙ ዘንበል ብሎ አርፏል። ግራው ግን ወደ አዳራሹ መሐል ዞሯል። በሩ ጋ ሲደርሱ ያ ጆሮ ቀጥ አለ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። በሚቀጥለውም ዙር እንደዚያው። መሐሉ ላይ ማንም አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። ወጥ ቤት ካሮት እየላጥኩ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ጋሼ እንዴት ነበር የሚራመዱት?»

«እያነከሰ ነዋ። አታውቂም እንዴ?»

«ማነከሳቸውንማ አውቃለሁ። እንዴት አድርገው እንደሆነ ነው። እኔ ከላይ ነበርኩ፣ እግራቸውን አላይም። ድምፁን ብቻ ነው የማስታውሰው። በሩ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ከታች ሸርተት የሚል ነገር ነበር።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ባለቤቴ በወጣትነቱ ከፈረስ ወድቆ ግራ እግሩ አልታጠፍ ብሎት ቀርቷል። ፈረሱ ትልቁን ክብ ሲዞር እሱም መሐል ላይ የራሱን ትንሽ ክብ ይዞር ነበር። በበሩ በኩል አሸዋው ከፍ ይላል፤ እዚያ ሲደርስ እግሩ አይነሣለትምና ይጎትተዋል። ቡላ ያንን ድምፅ ስንት ዓመት ሰምቶ «ቀጥል» ማለት ነው ብሎ ይዞታል። ባለቤቴ ራሱ ይህን አላወቀም። «እኔ በድምፄ ነው የማዘው» እያለ ይኮራ ነበር።

እኔ ግን ያንን እርምጃ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ኮሪደር ሰምቼዋለሁ። ድካሙን፣ ደስታውን፣ የደበቀኝ ነገር እንዳለ ሳይቀር ከእርምጃው ነበር የማውቀው። እጄን በፎጣ ጠረግሁ፣ ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ።

«ተከተይኝ» አልኳት።

ቀኝ እግሩን ረዘም አድርጎ ይረግጣል። ግራው ከዳሌው ወደ ውጭ ዞር ይላል፣ ተረከዙ መሬት አይለቅም። ከመጎተቱ በፊት ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲጎትት ይለቀዋል። ላባ ከኋላዬ እየተከተለች ትሞክራለች።

«ዘገየሁ እንዴ፣ እትዬ?»

«ፈጠንሽ። እሱ ለማንም አይቸኩልም ነበር።»

ሄድን፣ ተመለስን፣ ደግሞ ሄድን። ጎረቤቴ ስኳር ልትዋስ መጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ኧረ ጉድ! ሁለታችሁንም ምን አገኛችሁ?»

«ስፖርት ነው» አልኳት።

«ይቅርባችሁ!» አለችና ስኳሩን ሳትወስድ ሄደች።

ላባ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ካሮቴን ልጬ ጨረስኩና ልጣጩን በላስቲክ አድርጌ ለቡላ ሰጠኋት።

ሰኞ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ራዲዮ ናት፤ ስለዚህ የቀረብኝ ነገር የለም። መጀመሪያ አዲሱ አሠልጣኝ ሞከረ። ፊቱ ቀላ። «እሳቸው ላይ የምቀልድ መሰለኝ» አለ። ቡላ ጆሮውን ወደ እሱ አዞረ፣ መለሰ፣ በሩ ጋ ወደ ሶምሶማ ወረደ። ቀጥሎ መሰላል ገመዱን ያዘ። እግሩን ሲጎትት አሸዋው እንደ ውኃ ተረጨ።

«አንተ!» አለችው ራዲዮ፣ በሳቅ እየተንከባለለች። «ይሄ ማነከስ ነው ወይስ ወለል መወልወል?»

«አንቺ ሞክሪያ፣ አፍሽ ዕረፍት ካገኘ!»

ከዚያ ላባ ገመዱን ተቀበለችው። አምስት ዓመት የባለቤቴን የእርምጃ ምት ከላይ ሆና ስትሰማ ኖራለች፤ መቼ እንደሚተነፍስ፣ መቼ እንደሚዘገይ አካሏ ያውቀዋል። ቡላ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ጆሮው ቀጥ አለ። ላባ እግሯን ጎተተች። ቡላ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀና ጋልቦ አለፈ። ሁለት ዙር። አምስት። አሥር። ራዲዮ እንኳ ዝም ብላ ነበር፤ ዝም ማለቷን የነገረችኝም ራሷ ናት።

ዝምታውንም ያፈረሰችው እሷው ናት። «ታዲያ ከላይ ማን ሊወጣ ነው?» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ላባ ነገሩ ያኔ ነው የገባት። ገመድ የያዘ ሰው ፈረስ ጀርባ ላይ አይወጣም። ቡላ ከሄደ ወጣቱ ፈረስ ይመጣል፣ እሷም ከላይ ትሆናለች። ቡላ ከቀረ እሷ መሬት ላይ ናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አዲሱን አሠልጣኝ ልታለማምደው ደከመች። ሰውየውም ላቡን ጠብ አድርጎ ለፋ። ቡላን ግን ማታለል አልተቻለም።

«ላባ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» አላት አንድ ሳምንት ሲቀር። «ነገሩ በእጅሽ ነው። የፈለግሽውን ብታደርጊ አልቀየምሽም።»

ያን ቀን ወደ ቤቷ ሄዳ ጎማዎቹ ላይ ወጣች፤ ግን አልቆመችም፣ ተቀመጠች። አባቷ ከሥሯ ይሠራል።

«አባዬ፣ ገመዱን ሳልይዝ ዝም ብል ምን አለበት?»

«ማን ይጠይቅሻል?»

«ማንም አይጠይቀኝም።»

«እሱ ነው እንግዲህ ክፋቱ» አለ አባቷ፣ የተነፋውን ጎማ ውኃ ውስጥ እያዞረ። አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልግ ነበር።

በማግስቱ ራዲዮን ጠርታ በፈረስ ፋንታ የሚለማመዱበት በርሜል ላይ አወጣቻት። መሰላልም ተንበረከከ፤ ከፊት የሚደግፈው ስለማይኖር ከእንግዲህ ቆሞ አይሸከምም። ላባ ቦታዋን ቁራጭ በቁራጭ አስረከበች።

«የትከሻው አጥንት ላይ አትቁሚበት፣ ያቃስታል። ሥጋው ላይ፣ አንገቱ አጠገብ። ወደ ታች አትዪ፣ መስኮቱን እዪ። ስትወድቂ ተንከባለዪ እንጂ እጅሽን አትዘርጊ።»

«አንቺ ለምንድን ነው የማትናደጂብኝ?» አለች ራዲዮ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ነገ እናደድብሻለሁ። አሁን ጉልበትሽን ላላ አድርጊ።»

ቅዳሜ ስፌቴን ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ ካረፈበት ሐሙስ ወዲህ አዳራሹን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ኃላፊው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አዲሱ አሠልጣኝ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ላባ ገመዱን ይዛ ወደ መሐል ሄደች፣ ቡላም በዙሪያዋ ሰፊ ክቡን ያዘ።

መሰላል ወጣ፣ ራዲዮ ተከተለች። በሩ ጋ ሲቀርቡ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ መጣ። ያንን ዙር እንደዚያው ሆኜ ሰማሁት። ስገልጥ ራዲዮ እጆቿን ዘርግታ ብርሃኑ ውስጥ እየገባች ነበር፣ አፏ ተዘግቶ፣ የማላውቃት ልጅ መስላ።

ላባ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ገመድ የያዘ ሰው ዓይኑ ከፈረሱ ትከሻ አይነሣም። አሸዋው ላይ ግን ክንዱን የዘረጋ ረጅም ጥላ እግሯ ሥር እየመጣ ያልፋል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ልትረግጠው የማትፈልግ ይመስል ነበር። ኃላፊው በጣታቸው ይቆጥራሉ። አምስት ሞላ። ስድስት። በሰባተኛው መቁጠራቸውን ትተው አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ያዩ ነበር። ቡላ ራሱ ደክሞት ሲያዘግም ነው የነቁት።

«ይቆይ» አሉ።

ራዲዮ ዘላ ወርዳ ለስምንት ዙር የታፈነውን ወሬ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። መሰላል ጆሮውን ያዘ። ላባ የቡላን አንገት እየዳበሰች እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ሦስተኛው ዙር ላይ ግራ ጉልበትሽ ተንቀጠቀጠ» አለቻት።

«አንቺ ምኑን አይተሽ! ቀና እንኳ አላልሽም እኮ!»

«ቡላ አንገቱን ዝቅ አደረገ።»

«አንዴ ብቻ ነው!»

«አንዴ ነው። ሰኞ በርሜሉ ላይ እናየዋለን» አለች ላባ፣ ገመዱን ክንዷ ላይ እየጠቀለለች።