ከኋላው ጠሪ ያጣው ድሬሰር

ከዲሮ የአሰላ ልጅ ነው። ድሬሰር ሆኖ ሲቀጠር የተሰጠው ብስክሌት ከእሱ በፊት ሁለት ሰው የነዳው፣ ኮርቻው የተተለተለ አሮጌ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሰጋር በቅሎ ይወለውለዋል። በሳምንት ሦስት ቀን የመድኃኒቱን ቆርቆሮ ሣጥን ከኋላ አስሮ ወደ ሁሩታ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉትን መንደሮች ያዳርሳል። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ጥርስ ይነቅላል። ብስክሌቱ ከሩቅ ብቅ ሲል እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከየጓሮው ይወጡና "ሀኪም! ሀኪም!" እያሉ ከኋላው ይሮጣሉ። እውነቱን ለመናገር ያንን ሩጫ ይወደው ነበር። አንዳንዴ እየሰማ እንዳልሰማ ጥቂት ይነዳና አንዴ ተጨምሮ ሲጠራ ነው አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ የሚቆመው።

በ1951 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አድፍጠው ጠበቁት። ከብስክሌቱ ገፍትረው ጣሉት፣ ካፖርቱን ገፈፉት፣ ሁለት የፊት ጥርሱን በድንጋይ አወለቁ፣ ፔኒሲሊኑንም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ረጋግጠውት ሄዱ። ከጥርሱ ይልቅ ያንገበገበው ልመናው ነው። ጭቃ ላይ ተንበርክኮ "ወንድሞቼ" ብሏቸው ነበር።

"ከእንግዲህ ባዶ እጅህን አትወጣም" አለችው ሚስቱ ሀሊሜ።

አልተከራከራትም። የወይራ ቆመጥ አስጠርቦ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት አስገጠመና በብስክሌቱ መሪ ላይ በጠፍር አሰረው። ጩቤ ታጠቀ። ሀሊሜም የተፈጨ ሚጥሚጣ በጨርቅ ቋጥራ ኪሱ ከተተችለት፤ "ዓይናቸው ላይ በትንበት" ብላ። ከዚያ ወዲህ ጆሮው ሌላ ሆነ። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር እጁ ወደ ቆመጡ ይሄዳል።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ከዲሮ ብርዱን ሽሽት ጆሮውን በሻሽ ጠቅልሎ ሲነዳ ከኋላው ኮቴ ሰማ። የሚጮህ ድምፅም ነበረ፤ ቃሉ ግን አልተለየውም። ኮቴው ፈጠነ፣ ቀረበ፣ አንድ እጅ ትከሻውን ነካው። ቆመጡን መዞ ዞሮ መታ።

መሬት ላይ የተቀመጡት ጉቱ ነበሩ፤ ከመንገዱ በላይ የሚያርሱ፣ ባለፈው ዓመት እግራቸውን ያከመላቸው ሽበታም ገበሬ። በግራ እጃቸው ከሣጥኑ የወደቀውን የፋሻ ጥቅል ይዘዋል። ቀኝ እጃቸው ከክርናቸው በታች ተንጠልጥሏል።

"ዕቃህ ወድቆ እኮ ነው" አሉት። "ብጠራህ፣ ብጠራህ…"

በዚያው ፋሻ እያለቀሰ አሰረላቸው። አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ፤ ዕርፍ የሚጨብጠው እጅ ሁለተኛ ዕርፍ አልጨበጠም። ሽማግሌዎች በተቀመጡ ጊዜ ጉቱ "እኔን የመታኝ ጭጋጉ ነው፤ በእሱ አትፍረዱ" አሉ። ከዲሮ ጉልበታቸውን ስሞ ተነሣ።

ቤት ሲገባ ሀሊሜ ቆመጡን ከመሪው ፈትታ "ይብቃህ" አለችው።

"ሌቦቹ ተያዙ?" አላት። በማግሥቱ ራሱ መልሶ አሰረው።

መንገዱ ዝም ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ብስክሌቱ ሲታይ ከጓሮ የሚወጣ፣ "ሀኪም" ብሎ የሚሮጥ ጠፋ። ከዲሮ መስከረም ሲያልቅ ለአለቆቹ በሚልከው ወረቀት ላይ "በሽተኛ ቀንሷል" ብሎ ጻፈ። ደስም ብሎት ነበር።

ኅዳር ላይ ፈንጣጣ ሊከትብ ከቤት ቤት ሲዞር ዘይቱና ከምትባል እናት ደጅ ደረሰ። ልጇ በእሳት በተቃጠለ ጊዜ ያዳነላት እሱ ነው። ገብስ እያበጠረች አገኛት።

"ሀሰኖ የታል? አድጎ ይሆናል መቼም።"

"ቀበርነው" አለች፣ እጇን ሳታቆም።

"ምን ነካው? መቼ?"

"መስከረም ሊያልቅ ሲል። ደረቱ እየተሳበ ሦስት ቀን ትንፋሽ ቸገረው።"

"በሳምንት ሦስቴ እዚህ አልፍ የለም እንዴ! መርፌው ሣጥኔ ውስጥ ነበር እኮ!"

"አየሁህ። አዝዬው ወጥቼ እስከ ኮሶው ዛፍ ሮጬ ነበር።" ሰፌዱን አስቀመጠች። "ቆመጡን ሳይ እግሬ ተያዘ። ድንገት ዞረህ ብትሰነዝር፣ ልጁን ብታገኝብኝስ አልኩ።"

"ከሩቅ አትጠሪኝም ነበር?"

"ጉቱም ጠርተውህ ነበር" አለችው።

ከዲሮ ደጇ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እሷ ገብሷን ማበጠር ቀጠለች። መቃብሩን ሲጠይቃት በአገጯ አሳየችው። ድንጋይ የተከበበች ትንሽ ጉብታ ናት፤ ሣር በቅሎባታል። ከአጠገቧ ቆሞ ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረ። ቁልቁለቱ ላይ ኮቴ የመሰለ ነገር ሰምቶ ፔዳሉን አጥብቆ የረገጠበት ቀን ነበረ። ያ ቀን ይሁን ሌላ፣ መለየት አቃተው።

ቆመጡን ሀሊሜ ምድጃ ውስጥ ማገደችው። እሱም መንደር ሲደርስ ከብስክሌቱ እየወረደ፣ በእጁ እየገፋ፣ በየደጁ "የታመመ አለ?" ይል ጀመር። "የለም፣ አልሐምዱሊላህ" የሚል ድምፅ ከውስጥ ይመለስለታል። ክረምቱ ሲገባ አንዳንድ ሰው ደፍሮ መውጣት ጀመረ፤ ግን በእግር እየተጎተተ ሩቆቹን መንደሮች ማዳረስ ስላልቻለ፣ እዚያ ማን እንደታመመ ማን እንደሞተ የሚነግረው አልነበረም።

ዘይቱና ሲያልፍ ቀና ብላ ታየዋለች። ሰላምታውንም ትመልሳለች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመረችለትም።