ሴንሸርና የአባቴ ድንጋይ

ሴንሸር የምትባለዋን ቃል አልወዳትም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆና ቃል ጠላች ብሎ የሚስቅ ካለ፣ ይሳቅ!

ታላቅ ወንድሜ እዚህ ከተማ ማራኪ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንድ ማሽን ተቃጠለ። ኮሚቴ ተቋቁሞ ጥፋቱን እሱ ላይ አላከከ። በዚያ ቀን ተረኛ እንኳ አልነበረም፤ ማን ይስማው! ውሳኔው ሠራተኛው በተሰበሰበበት በእንግሊዝኛ ተነበበ፦ ሴንሸር። ይግባኝ አለ። ይግባኙ ውድቅ ከሆነ ከሥራ መባረሩ ነው።

አባታችን ገጠር፣ መካነ ብርሃን ሆኖ ወሬውን ሰማና ደወለልኝ።

"አንቺ፣ ምንድን ነው ያሉት ነገር?"

"ወቀሳ ነው አባዬ። መሥሪያ ቤት ሰውን በአደባባይ ሲወቅስ እንዲያ ይባላል።"

"እፎይ! እኔ ደግሞ ክስ መስሎኝ። ወቀሳማ ሸጋ ነው፤ እርቅ አለው።"

ተዘግቶ የከረመው የአገራችን መንገድ በተከፈተ ሰሞን ሁለት ሽማግሌ ይዞ፣ ሳይነግረን መጣ። የሆነውን ማታ እራት ላይ ራሱ ነው እየሳቀ ያጫወተኝ። ኮሌጁ በር ላይ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አድርጓል፤ በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲያ ነው። ጥበቃው "ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው አባቴ" አለው።

"እንግዲያ የተቀየመውን ሰው ጥራልኝ፣ ልጄ።"

"ኮሚቴ ነው እኮ የወሰነው። ኮሚቴው ደግሞ ተበትኗል።"

በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ወጣ። አባቴ ጎንበስ ብሎ "ልጄ አጥፍቷል፣ ማሩልኝ" አለ። ሰውዬው ድንጋዩን በእጁ አወረደለት፣ እስከ አስፋልቱም ሸኛቸው። አባቴ ታረቅን ብሎ ደስ ብሎት አገሩ ገባ።

ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ምክንያቱንም ነገሩን፦ ቤተሰቡ ራሱ ጥፋቱን አምኗል። ቢሮው ድረስ ሄጄ ጮህኩ። በእኛ አገር ያልበደለም ነገር ይብረድ ብሎ ድንጋይ ይሸከማል፣ ይህን አታውቁም ወይ አልኳቸው። እንደ እብድ አዩኝ። ወንድሜ ራሱ ክንዴን ይዞ "ተይው፣ በቃ" አለኝ።

አሁን እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ሴንሸር የተባለን ሰው የሚቀጥር እስካሁን አላገኘንም፣ የምናገኝም አይመስለኝም። ለአባታችን እውነቱን ማን ይንገረው? እኔ አልቻልኩም።

በየበዓሉ ይደውላል። ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

"ምነው እስካሁን ወደ ሥራው አልጠሩትም?" ይላል አባቴ። "ድንጋዩ አንሶ ይሆን? ከበድ ያለ ይዤ ልምጣ?"