ቀይ መስመር የሌለው መጻፊያ

እትዬ ማዕዛ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው የኮምፒውተር ኮድ መጻፍ ሊማሩ ሲመዘገቡ ጎረቤቱ ሁሉ “ምን ነካቸው?” ብሎ ነበር። ጎረቤት ምን ያውቃል! ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የጭነት መጋዘን ሃያ አራት ዓመት ቆመው ዕቃ ሲመዘግቡ ጉልበታቸው አልቋል። መሥሪያ ቤታቸውም የሥልጠናውን ፈተና ካለፉ ወንበር ወዳለው የኮምፒውተር ክፍል ሊያዛውራቸው፣ ከወደቁ ግን ያለጊዜያቸው ጡረታ ሊያወጣቸው ወስኗል።

ኢምፔሪያል ሰፈር፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለው ማሠልጠኛ፣ ተማሪው ሁሉ የሚጠቀመው አንድ ዓይነት የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ ስህተት ሲያይ ከሥሩ ቀይ መስመር ያሰምራል። የእትዬ ማዕዛ አሮጌ ላፕቶፕ ግን እሱን ሲከፍት ትንፋሽ ያጥረዋል። አንድ ፊደል ተጭነው እስኪመጣ ድረስ ሻይ ይጠጣል። አስተማሪው ጸጋአብ አዝኖላቸው ቀለል ያለ መጻፊያ ጫነላቸው። ይሄኛው ፈጣን ነው፤ ነጭ ገጽ ብቻ። ቢሳሳቱም ዝም፣ ቢሳካላቸውም ዝም።

“ታዲያ ማን ያርመኛል?” አሉ።

“እኛ አለንልዎት!” አሉ አብረዋቸው የሚማሩት ልጆች ባንድ አፍ።

ማለቱማ ቀላል ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ እንጂ! እናት የሚያክሉ ሴትዮን “ተሳስተዋል” የሚል ከየት ይምጣ? ሁሉም በትከሻቸው በኩል አጮልቆ “ጎበዝ ነዎት” እያለ ያልፋል። በሙከራ ፈተናው ወደቁ። አንዲት መዝጊያ ቅንፍ ረስተው ኖሮ ኮዱ አልሠራም።

አጠገባቸው የምትቀመጠው ወጣቷ ሳና አቀረቀረች። “አይቼው ነበር እትዬ” አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። “አፌ እምቢ አለኝ።”

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሳቸው ግን አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት።

“ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል ሲባል አልሰማሽም? ላፕቶፔ ቀዩን መስመር ከልክሎኛል፤ በይ አንቺ ሁኚልኝ።”

ሆነችላቸው። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ኋላማ ምን አለፋችሁ፣ “እትዬ! አሁንም ቅንፉ!” እያለች ጠረጴዛ የምትደበድብ ሆነች። ልክ ሲጽፉ ደግሞ እልል ትላለች። ጸጋአብ “ክፍሉን ሰርግ ቤት አደረጋችሁት” እያለ ይስቃል። በዋናው ፈተና ቀን እትዬ ማዕዛ ለብቻቸው ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን መስመር በጨረሱ ቁጥር ቆም እያሉ “ሳና ብትሆን ምን ትለኝ ነበር?” ይሉ ነበር። አለፉ።

የመሥሪያ ቤታቸው ኮምፒውተር ክፍል አዲስ ኮምፒውተር ሰጣቸው፤ ያ ከባዱ መጻፊያ ከነቀይ መስመሩ ተጭኖበታል። በምሳ ሰዓት ለሳና ደውለው ነገሯት።

“እንግዲህ ‘አንቺ አታስፈልጊኝም’ በሉኛ” አለች። ለመቀለድ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከዳት።

“ስሳሳትማ መጻፊያው ያርመኛል” አሉ እትዬ ማዕዛ። “ልክ ስሠራ ግን ደስ አይለውም። ቅዳሜ ቤት ነይ፣ የጻፍኩትን ላሳይሽ።”