ጩኸቱ የካሴቱ አልነበረም

በልብስ ፋብሪካው ውስጥ «ጆሮ» ነበር የሚሏት። አርባ የስፌት መኪና በአንድ አዳራሽ ሲንጫጫ፣ እሷ ከራሷ መኪና ቀና ሳትል «ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛዋ ዘይት ጠምቷታል» ትላለች። መካኒኩ መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅባት ነበር። ሄዶ ሲከፍታት ግን እንዳለችው ሆና ያገኛታል። በኋላ በኋላ የመፍቻ ሳጥኑን ከማንሳቱ በፊት እሷ ዘንድ ብቅ ብሎ «እስቲ ዛሬ የቷን ነው ያመማት?» ብሎ መጠየቅን ሥራዬ ብሎ ያዘው።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርታ ጡረታ ወጣች። ከዚያ ሁሉ ዘመን ከልቧ ያልወጣው ግን የሠራተኞቹ የዘፈን ቡድን ነበር፤ ስድስት ሴቶች፣ አንድ አኮርዲዮን፣ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ልምምድ። በካሴት የተቀዱት አንዴ ብቻ ነው። እሱም የት እንደገባ ሳይታወቅ ስንት ዓመት ከረመና፣ በቅርቡ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ከቁም ሣጥኑ ሥር አገኘው። ወደ ኮምፒውተር አስገልብጦ በፍላሽ ላከላት። ደስታው አላስቀምጥ ቢላት አምስቱንም ጓደኞቿን ደውላ ለቅዳሜ ጠራቻቸው።

ዘፈኑን የከፈተችው ከጠራቻቸው በኋላ ነው።

ልጇ የተወላት ኮምፒውተር ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው ያለው። ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው በቀጭን ገመድ ወደ ባሏ የድሮ አምፕሊፋየር ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች። ስትከፍተው ገና ዘፈኑ ሳይጀምር ጭርርር የሚል ነገር ቤቱን ሞላው። ስድስቱ ሴቶች ከዝናብ ማዶ ቆመው የሚዘፍኑ መሰሉ።

የእህቷ ባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነውና አስጠራችው። እጁን ኪሱ ከቶ ትንሽ አዳመጠ።

«እታለም፣ ይሄ እኮ ካሴቱ ነው። አርጅቷል። ምን ይደረጋል?»

«ካሴቱ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ዘፈኑን አቁመው።»

አቆመው። ጭርርታው አልቆመም።

«አሁን ደግሞ ማውሱን ወዲህ ወዲያ አድርገው።»

አደረገው። ማውሱ ሲሄድ ጩኸቱ ይቀጥናል፤ ሲቆም ይወፍራል።

«ካሴቱ ማውሱን ከየት አውቆት ነው?» አለችው።

አገጩን አከክ አከክ አደረገ። «እሱስ ልክ ነሽ» አለ በመጨረሻ። ያም ሆኖ እጅ መስጠት አልሆነለትም። «ቢሆንም ከኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም» ብሎ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ሄደች። ባለሱቋ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት። «ኮምፒውተርዎ ዘፈኑን የሚይዘው በቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ዕቃ እዚያው ሆዱ ውስጥ፣ ከማራገቢያውም ከምኑም ጋር ተጣቦ ስለሚሠራ የሌላውን ጫጫታ ሁሉ ይለቅማል። ይሄንኑ ሥራ ከውጭ ሆኖ የሚሠራልዎት አለ። ዳክ ይሉታል።» ከሳሙና የማይበልጥ ጥቁር የብረት ሳጥን ከነገመዱ አወጣችላት። «ከሰኩት በኋላ ግን ድምፁ በእሱ በኩል እንዲወጣ ከኮምፒውተሩ የድምፅ መውጫዎች ዝርዝር ውስጥ ይምረጡት። ብዙ ሰው እሷን እየረሳ ነው ተበላሸ ብሎ የሚመልስልኝ።»

ቤት ገብታ ሥራ ጀመረች። ቀይና ነጩን ገመድ ከሳጥኑ ኋላ ወደ አምፕሊፋየሩ ሰካች። ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ገመድ አጭር ሆነባትና ከመሳቢያ ውስጥ ረዘም ያለ የስልክ ቻርጀር ገመድ አወጣች፤ ልክክ አለ። የሳጥኑ መብራት በራ። ዝርዝሩን ስትከፍት ግን የሳጥኑ ስም የለም። ነቀለች፣ ሰካች፣ አጥፍታ አበራች። የለም። ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደ ስፌት መኪና አየችው። ክር ሲበጠስ ሞተር አይፈታም፤ ከክሩ ማጠንጠኛ ተነስቶ እስከ መርፌው አንድ በአንድ ነው የሚታየው። መብራቱ በርቷል፤ ስለዚህ ኃይል ደርሶታል። ያልደረሰው ዘፈኑ ነው። በመሃላቸው ያለው ደግሞ ገመዱ ብቻ ነው። የቻርጀሩ ገመድ ስልክ ሊሞላ እንጂ ወሬ ሊያመላልስ የተሠራ ባይሆንስ?

ኮምፒውተሩን ከነጠረጴዛው ጎትታ አስጠጋችና በአጭሩ ገመድ ሰካችው። ኮምፒውተሩ ቱን አለ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ብቅ አለ። መረጠችው።

መጀመሪያ የሰማችው ዝምታ ነበር። ማውሱን ወዲህ ወዲያ ብታደርገው፣ ምንም። ከዚያ ዘፈኑን ለቀቀችው። የአኮርዲዮኑ ሆድ አየር ሲስብ ተሰማ፤ አንድ ሰው ሳል አለ፤ ስድስቱም አንድ ላይ ገቡ። እያንዳንዷን ለይታ ሰማቻት፤ ራሷን ጭምር፣ የሠላሳ ዓመት ወጣት ሆና፣ ሁለተኛውን ድምፅ ቀጥ አድርጋ ይዛ። ሳሎኑ መሃል ብቻዋን ቆማ ሳቀች።

ቅዳሜ አምስቱም መጡ፤ የእህቷ ባልም ከጎረቤት ወንበር ተሸክሞ ገባ። ዘፈኑ ተለቀቀ። መሃል ላይ ሲደርስ በፋብሪካው የሸሚዝ ቁልፍ ትተክል የነበረችው ጓደኛቸው ብድግ ብላ አጠገቧ የተቀመጠችውን አመለከተች።

«ሰማችሁ? ቀድማ የገባችው እሷ ናት። ስንት ዓመት ሙሉ በእኔ ታሳብባለች።»

«እስቲ መልሺው» አለቻት ተከሳሿ «ጆሮ»ን።

መለሰችው። ነገሩ ቁልጭ ያለ ነው፤ ተከሳሿ ቀድማለች። «ይሁን፣ እኔ ነኝ» ብላ አመነች፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

የእህቷ ባል ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ሳጥን አገላብጦ አየው። «እታለም፣ ተረትቻለሁ። እኔም ቤት ሰኞ መጥተሽ ትሰኪልኛለሽ።»

«ወንበሮቹን ከመሃል አንሳልንና እናያለን» አለችው።

አነሳላቸው። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ለቀቀችው፤ ስድስቱም በድሮው ረድፋቸው ቆሙ፤ አኮርዲዮኑ አየር ሲስብ ጠብቀው ገቡ። በዚህኛው ዙር አንዷም አልቀደመችም።