ዳዊቴ ውስጥ የሰነበተው ወረቀት

መጀመሪያ ያቃተኝ የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ነው። የምሠራው አዲስ አበባ፣ ወሰን አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መዝገብ ቤት ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያጥራል። ሰው ሲያልፍ ቦርሳዬን እየበረበርኩ ቁልፍ የጠፋብኝ እመስላለሁ።

ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሙ ልቤን በኤኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ አየና፣ «ሚትራል ቫልቭ የሚባለው የልብዎ በር ጠቧል፤ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ትቶት የሄደ ነው» አለኝ። ደረጃ እንዳልወጣና ከባድ ነገር እንዳላነሳ ለመሥሪያ ቤቴ ማስረጃ ጻፈልኝ። ቫልቩን በደም ሥር በሚገባ ባሉን ለማስፋት ወረፋ ያዝኩ።

ማስረጃውን ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። ለእግዚአብሔር ሰጠሁት ብዬ ነበር። እውነቱ ግን ፍርሃት ነው። ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው። «በሽተኛ ናት» ተብዬ ከሥራ ብቀነስ ሌላ መግቢያ የለንም።

በዚያው ሰሞን ሰብለ የምትባል ወጣት ወደ ክፍላችን ተዛወረች። ግራውንድ ላይ፣ መስኮት ሥር ጠረጴዛ ተሰጣት። እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ስንፈርም እሷ ሦስት ሰዓት ትገባለች። የምትፈልገውን መዝገብ ከአራተኛ ፎቅ የማወርድላት እኔ ነኝ።

«ምነው ልዕልት፣ ዙፋኑ ተመቸሽ?» አልኳት አንድ ቀን፣ የመዝገብ ክምር ፊቷ እየጣልኩ።

«ለሁለት ይበቃናል፣ እትዬ ወይንሸት፤ ይቀመጡ እንጂ» አለች እየሳቀች።

አልተቀመጥኩም። ዘመድ አላት ብዬ ደመደምኩ። ዳዊት ስደግም እንኳ ያ ወንበር ፊቴ ይመጣ ነበር። ለነፍስ አባቴ ቅናቴን ተናዘዝኩ።

«የሷ ወንበር ለአንቺ ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሕመሜን አልነገርኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ። መዝገቦቹ ከእጄ ወደቁ። ልቤ ተንደፋደፈ። ግድግዳው ራቀኝ። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም።

ስነቃ ሆስፒታል ነኝ። አጠገቤ ሰብለ ነበረች። ሐኪሙ መጣ።

«ማስረጃውን ሰጥተዋል?»

«አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ለማን ነው የጻፍኩት?»

እሱ ሲወጣ ሰብለ የሸሚዟን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች። ደረቷ መሐል ላይ ጠባሳ ወደ ታች ይወርዳል።

«የእኔ ቫልቭ ተቀይሯል። ወረቀቴን በመጣሁበት ቀን ነው የሰጠሁት» አለችኝ። «እርስዎ ይህን ሕመም ይዘው ነው ለእኔ መዝገብ የሚያወርዱት?»

አለቀሰች። እኔ ማልቀስም አፈርኩ።

ልጄ ዳዊቱን አመጣችልኝ፤ ሰብለም ወረቀቱን አውጥታ ለሰው ሀብት ክፍል አደረሰችልኝ። ወረፋዬ ደርሶ ቫልቬ በባሉን ሰፋ፤ ከወር እረፍት በኋላም ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ ጠረጴዛዬ ከሰብለ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በየወሩ ለምወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ፈቃድ ተጽፎልኝ፣ መዝገብ የሚያመላልስልን ሰው ተመድቦልን አገኘሁ። ማንም አልቀነሰኝም።

ባለፈው የራጉኤል በዓል ሰብለ ሐኪሟ ፈቅዶላት የእንጦጦን ዳገት ቀስ እያለች በእግሯ ወጣች። እኔ በመኪና ወጥቼ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቅኋት። ቀናሁባት። ይኼኛውን ቅናት ግን ለራሷ ነገርኳት።

«ለከርሞ አብረን ነዋ፣ እትዬ» አለችኝ፣ እያለከለከች።

አምላኬን አመሰግናለሁ፤ እሷንም። እንደኔ ያላችሁ፣ በወረቀታችሁ ላይ ጸልዩበት፤ ጸሎቱን ስትጨርሱ ግን ለአለቃችሁ ስጡት። እኔ የቀናሁበት ወንበር ለእኔም ተጽፎልኝ ነበር።