ለባዶ ወንበር

ጠጅቱ አብነት ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። እድሩ ስብሰባ ሲጠራ፣ ማየት የተሳናቸውን ጎረቤቷን ጋሽ ወልደገብርኤልን ክንዷን አስይዛ የምታመጣቸው እሷ ናት።

አምና በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ድንኳኑ ውስጥ አስቀምጣቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ ልጃቸው እያወሯት ሳለ ጓደኛዋ ከውጭ በእጇ ጠራቻት። ወዲያው እመለሳለሁ ብላ አስባ ሹልክ ብላ ወጣች። እሳቸው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ከኋላቸው ሰው ሲስቅ ሰሙና «ጠጅቱ?» አሉ። መልስ ሲያጡ ሊፈልጓት ተነሡ። መውጫው ላይ የተወጠረው የድንኳን ገመድ ጠልፎ ጣላቸውና እጃቸው ተሰበረ።

በማግስቱ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች።

«የጣለኝ ገመዱ ነው፤ አንቺ ምን አደረግሽ?» አሏት።

ማጽናናታቸው ይበልጥ አንገበገባት። «አይ ጋሼ፣ ሳልነግርዎት ጥዬዎት ሄጄ ነው» አለች እያለቀሰች።

ጋሽ ወልደገብርኤል ወደ ድምጿ ዞሩ። «እንግዲያው እውነቱን ልንገርሽ። እጄስ ይድናል። ለባዶ ወንበር ሳወራ መሳቂያ መሆኔ ነው የከነከነኝ።»

ጠጅቱ አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብትነሣ «ጋሼ፣ መጣሁ፤ ገመዱ በግራዎ ነው» ትላለች። እሳቸውም «ሂጂ፣ ግድ የለም» ይሏታል። እሷ ግን መውጫው ጋ ሳትደርስ ሦስት ጊዜ ዞራ ታያቸዋለች።